ምክር ይዤ ጅማ የሄድኩ ጊዜ

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ብርዱ እንደ ልማዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ጋቢዬን በላዩ ጥዬ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ የሚያውቀኝ ሹፌር ወዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ጅማ አልኩት። ጋቢውን አይቶ ሳቀ። እዚያ እንደማያስፈልገኝ እሱ ያውቅ ነበር። እኔ ግን በሃምሳ አራት ዓመቴ ከአዲስ አበባ ወዲያ ወደ ምዕራብ አልፌ አላውቅም።

ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ። የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ቤታቸው የሚያስታምሙ እናቶችን፣ አባቶችን፣ እህቶችን በሳምንት አንድ ቀን እሰበስባለሁ፤ እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የጀመርኩት ቡድን በመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ሰው ነበረው። በዓመቱ ሦስት ቀረ። ከሦስቱ አንዷ ደግሞ የምትመጣው ቤቷ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ስለሆነ ይመስለኛል። ደክሞኝ ነበር። ልዝጋው ብዬ ለኃላፊዬ ስነግራት፣ ጅማ ላይ ይህንኑ ሥራ የምትሠራ ነጃት የምትባል ልጅ እንዳለችና ቡድኖቿ እንዳልተበተኑ ነገረችኝ። «ሄደሽ እይና ከዚያ ዝጊው» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እሺ ብዬ የተነሣሁት መዝጊያ ፈቃድ ለማግኘት ነው።

አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ወርጄ፣ ከተማውን በታክሲ አቋርጬ፣ አየር ጤና የምትኖር የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ። እራት ምስር ወጥ አቀረበችልኝና እኔ ስበላ እሷ ጅማ ያለ ዘመዷ ጋ ደውላ የመንገዱን ሰላም ጠየቀች። ሰላም ነው ተባለ። እሷ ግን አላመነችም መሰለኝ፤ ሌላ ሰው ጋ ደግማ ደወለች።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል ተብሎ አንድ ሰዓት ከሩብ ተነሣ። ከጎኔ የተቀመጠችው የጨርቅ ነጋዴ ጥቅሏን እግሬ ሥር ስላስቀመጠች ጉልበቴን አጥፌ ነው የተጓዝኩት። ወሊሶ ሻይ ጠጣን። ወልቂጤን አልፈን ወደ ግቤ ሸለቆ ስንወርድ አንዱን ሹራብ አወለቅሁ፤ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሁለተኛውን። ጋቢው ጭኔ ላይ እንደ ታመመ ልጅ ተኝቶ ያሞቀኝ ጀመር። እኛ አገር ሞቀ የምንለው ፀሐይ የድንጋይ አጥር ላይ ስትወጣና ጀርባችንን አስጠግተን ስንቆም ነው። እዚህ ሙቀቱ ራሱ መጥቶ ይደገፍብሃል።

ሰኮሩ ስንገባ ጎማ ፈነዳ። ተቀያሪው ጎማ ሲወርድ እሱም ነፋስ የለውም። ሦስት ሰዓት ቆመን ዋልን። መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ገብቼ እንቁላል ፍርፍር አዘዝኩ። ባለቤቷ ሻሽ ያሰረች፣ በዕድሜ ከኔ ብዙም የማትርቅ ሴት ናት። እግሬ አብጦ ጫማዬ እንደጠበበኝ አየች። ምንም ሳትለኝ ጓዳ ገብታ ለብ ያለ ውሃ ጨው ጨምራበት በሳፋ አመጣችና ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠችው። «ያውልቁት ማሎ፣ እዚህ ማንም አያይዎትም» አለችኝ። ማሎ ማለት «እባክህ» እንደማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየደቂቃው ሰማሁት። እግሬን ሳፋ ውስጥ አድርጌ ፍርፍሩን በላሁ። እኛም እንግዳ እግር እናጥባለን፤ ግን ቤታችን ለመጣ እንግዳ ነው። መኪና ለተበላሸበት መንገደኛ እንዲህ ሲደረግ አላየሁም።

ጅማ የደረስነው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ዝናብ ያካፋል። ነጃት መናኸሪያው በር ላይ ጃንጥላ ይዛ ቆማ አገኘኋት፤ አጠር ያለች፣ ጥቁር ሂጃብ የለበሰች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ልጅ። ሦስት ሰዓት ጠብቃኛለች። ይቅርታ ስላት «አብሽሩ እትዬ ጥሩ፣ ሰኮሩ ላይ ጎማ ያልፈነዳበት የጅማ እንግዳ የለም» አለችኝ። የያዘችልኝ አልጋ ቤት ንጹሕ ነበር፤ ውሃ ግን አልነበረውም። አቧራዬን እንደያዝኩ ተኛሁ።

ረቡዕ

ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰቶ ሰመሮ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበር፤ በውሰት የሚጠቀሙበት አንድ ክፍል አለ። ገና ስገባ ጠረጴዛ ፈለግሁ። የለም። ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል፤ የነጃትም ወንበር እንደሌላው ነው። በኔ ቡድን እኔ ጠረጴዛ ጀርባ እቀመጣለሁ፣ ከኋላዬ ሰሌዳ አለ። ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ ጽሑፉ ኦሮምኛ ነው፣ በቁቤ ፊደል። ማንበብ አልቻልኩም። ምን ይላል ብዬም አልጠየቅሁም። የንጽሕና ማስታወቂያ መሰለኝ።

ስምንት ሰዎች መጡ። ግማሾቹ ኦሮምኛ ነው የሚቀናቸው፣ ግማሾቹ አማርኛ። ነጃት ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ትርጉሙን ግን እሷ አትሠራም። አባላቱ በየሳምንቱ ተራ አላቸው። የዚያን ቀን ተራው የልብስ ሰፊው ከማል ነበር። ሚስቱን ነው የሚያስታምመው። ቀስ ብሎ፣ የሰውየውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ለማድረስ ግንባሩን አጥፎ ይተረጉማል። ሌላው እስኪተረጎም ሁሉም ይጠብቃል። መጀመሪያ ጊዜ ማባከን መሰለኝ። ቆይቼ ሳስበው ማንም ሰው ቃሉ ሁለት ጊዜ ሲሰማ ደስ ይለዋል።

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን ለውጬ አያንቱ እላታለሁ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሁሉንም ስም ለውጫለሁ። ወንድሟን ነው የምታስታምመው። ሌሎቹ ሳምንታቸው እንዴት እንዳለፈ በሁለት በሦስት ቃል ሲናገሩ እሷ አንገቷን ደፍታ ቆየች። ከዚያ በድንገት መናገር ጀመረች። ምን ማለት እንደጀመረች አልጽፍም፤ የኔ አይደለም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ያህል ሄዳ ቆመች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከማል ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ተርጉሞ እሱም ዝም አለ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት ደቂቃ። ነጃት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

እኔ ዝምታ አልችልም። በኔ ስብሰባ ዝምታ ከመጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። አያንቱ ተጨንቃለች፣ ነጃትም ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ተናገርኩ። ስለ ሕመሙ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ቤተሰብ ማድረግ ስላለበትና ስለሌለበት ነገር፤ ሃያ ምናምን ዓመት ያጠራቀምኩትን አፈሰስኩት። ከማል ላብ እያላበው ተረጎመ። ስጨርስ አያንቱ «ገለቶማ» አለች፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ሻሽዋን ወደ ፊት ሳብ አደረገች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ስብሰባው መጨረሻ አንድ ቃል አልወጣትም። ሲያልቅ ከሁሉም ቀድማ ወጣች።

ወንበሮቹን ስንሰበስብ ነጃትን እንዴት ነበር አልኳት። ምስጋና ነበር የጠበቅሁት። አንዱን ወንበር በሌላው ላይ አነባብራ ጨረሰች።

«እትዬ ጥሩ፣» አለችኝ በመጨረሻ፣ «አምስት ሳምንት ነው የጠበቅናት።»

ወረቀቱ ምን እንደሚል ያን ጊዜ ጠየቅኋት። አባላቱ በመጀመሪያው ወር ራሳቸው የተስማሙበት ሕግ ነው። ሦስት ነው። እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል። የቀረን ሰው ሁለት አባላት ሄደው ይጠይቁታል። ሦስተኛው፦ ያልተጠየቀ ምክር አይሰጥም።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። አልጋ ቤቱ ውስጥ ሆኜ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰማሁ። ደብረ ብርሃን ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይመጣና ተቆጥቶ ያልፋል። የጅማው አይቆጣም፤ አይሄድምም። ወደ አገሬ ለመመለስ አስቤ ነበር። ኃላፊዬ ጋ ደውዬ «አየሁት፣ ይበቃኛል» ልል ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሣሁ።

ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። አንዲት ረጅም አሮጊት ከዝናቡ ገብተው ቆሙ። የነጃት እናት ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው። ውሃ እንደሌለኝ ልጃቸው ነግራቸዋለች። እንዴት ዋሉ ካሉኝ በኋላ ሻንጣዬን አንሥተው ወጡ። ልከለክላቸው ስሞክር በረንዳው ላይ ደርሰው ነበር። እንግዲህ ሻንጣዬን ተከትዬ ሰቶ ሰመሮ ገባሁ።

ቤታቸው ሁለት በርሜል ሙሉ ውሃ አለ። ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ዶሮ ወጥ ቀርቦ አየሁ፤ ደነገጥሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ የሙስሊም ሥጋ አልበላም፤ እሳቸውም ያውቁታል። ሳልናገር ፊቴን አንብበው «አይፍሩ፣ የጎረቤቴ የወይዘሮ አልማዝ እጅ ነው። በሷው ብረት ድስት፣ በሷው ቤት። እኔ ተሸክሜ ብቻ ነው ያመጣሁት» አሉኝ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ማርቃ ይበላሉ፤ እኛ ገንፎ የምንለው ነው፣ ቅቤው ግን ከኛ ይበዛል። በዚያ ዝናብ ውስጥ ለኔ ብለው ከጎረቤት ዶሮ ለምነው አምጥተዋል። ከትናንትናው ጥፋቴ በኋላ ይህ ደግነት ከበደኝ። ጉርሻ ሲሰጡኝ እንባዬ መጣ፤ በርበሬው ነው አልኳቸው።

ዓርብ

ነጃት ሊሙ ገነት ሌላ ቡድን አላት፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየሄደች የምታየው ነው። እዚያ ችግር ተፈጥሮ ለወር ያህል አልተሰበሰቡም። ሄጄ ላየው እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አፌን ከያዝኩ መምጣት እችላለሁ ማለቷ ነበር፤ እንዲያ ብላ ግን አልተናገረችም።

መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ከትልልቅ ዛፎች ሥር ቡናው ቀልቷል፤ የለቀማ ወቅት ስለሆነ ቅርጫት የተሸከሙ ሰዎች በየጢሻው ይታያሉ። ዓይኔ ለኛ ሜዳ የለመደ ነው፣ የገብስ ማሳና ሰማይ ብቻ። እዚህ ሰማዩን ፈልጌ አጣሁት። አቮካዶ ከዛፉ ወድቆ ፍየል ሲበላው አየሁ። እኛ ጋ ለታመመ ሰው የምንገዛው ነው።

ነጃት በመንገድ ላይ የመጀመሪያ ቡድኗ እንዴት እንደፈረሰ አጫወተችኝ። ስም ዝርዝር ተሰጥቷት፣ በዝርዝሩ ያሉትን ሁሉ ጠርታ፣ አዳራሽ ሞልታ ነበር የጀመረችው። ማን ለምን እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም። በአራት ሳምንት አዳራሹ ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ወደ ቡድን ከማስገባቷ በፊት ቤቱ ሄዳ ለብቻው ታነጋግረዋለች፤ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚፈራ ትጠይቀዋለች። ከስምንት ከዘጠኝ ሰው በላይም አትወስድም። እኔ አሥራ አራቱን የጠራሁት በማስታወቂያ ነበር።

ከሊሙ ገነት በቅርብ ርቀት ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ተያዘ። ወርደን ገፋነው። ሲወጣ የግራ ጫማዬ ሶል ጭቃው ውስጥ ቀረ። አልጋ ከያዝንበት ቤት ስንደርስ ባለቤቷ አየችኝና የራሷን የላስቲክ ጫማ አውልቃ ሰጠችኝ። አንድ ቁጥር ይበልጠኝ ነበር። በዚያ ጫማ ነው ከሰዓት በኋላ ዳገት ስወጣ ቁልቁለት ስወርድ የዋልኩት፤ ነጃት ሰባቱንም አባላት በየቤታቸው ልትጠይቅ ተነሥታ ነበርና።

ችግሩ ይህ ነው። ብርሃኔ የምትባል፣ ወላጆቿ ከወሎ የመጡ፣ ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ አባል አለች። ልጇን ታስታምማለች። ስለ ልጇ ለቡድኑ የነገረችው ነገር ከቡድኑ ወጥቶ ገበያ ውስጥ ተሰማ። የነገሩ ምንነት እዚህ አይጻፍም። ማን እንዳወጣው ሁሉም ያውቃል፤ አባ ፎጊ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከተማው የሚያከብራቸው፣ የታመመ ልጃቸውን ዘወትር እጁን ይዘው መስጊድ የሚወስዱ ሽማግሌ። ከቡድኑ ሁሉ ለብርሃኔ ቅርብ የነበሩትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ማንም አልተናገራቸውም፤ ሁሉም ቀረ።

ነጃት በየቤቱ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ነገ ይመጣሉ? እሱ ምን አለ፣ እሷ ምን አለች ሲሏት ነገ ሲመጡ ይጠይቁ ትላቸዋለች። የአንዱን ቃል ወደ ሌላው አልተሸከመችም። እኔ ብሆን ሰባቱንም አስታርቄ እጨርስ ነበር። ብርሃኔ ከምድጃዋ ቀና ሳትል አላውቅም አለች። አባ ፎጊ ኢንሻአላህ አሉ።

ቅዳሜ

የተሰበሰቡት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ለለቀማው ሲሉ ራሳቸው የመረጡት ሰዓት ነው። ቦታው የአንድ የቡና ነጋዴ መጋዘን ነበር፤ በግድግዳው ዙሪያ የደረቀ ቡና በጆንያ ተደርድሯል። ነጃት ቡድኑ እንዲቀጥል ወይም እንዲበቃው የሚወስኑት እነሱ እንደሆኑ ነገረቻቸው። ከዚያ የተስማሙበትን ሕግ አንድ ሰው እንዲያነብ ጠየቀች። ተነበበ። እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል።

ዝም ተባለ። ሰዓቴን ላለማየት እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። ሁለት ጊዜ አፌ ተከፍቶ ዘጋሁት። ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ስለ ይቅርታ የምለው ሞልቶኝ ነበር። ከውጭ ቡና የሚያገላብጡ ሴቶች ድምፅ ይሰማል። አንድ ሰው ሳል ሳለ። ከዚያ አባ ፎጊ ከዘራቸውን መሬት አስተኙና በአማርኛ ጀመሩ። ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነበር የሚናገሩት፤ ነጃት በኋላ እንደነገረችኝ አማርኛ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም።

«ብርሃኔ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት። ዱዓ ላስደርግልሽ ብዬ ነው፣ ዋላሂ። ግን ስም ጠራሁ። ስም ባልጠራ ዱዓው ይደርስ ነበር፤ አላህ ማን እንደሆንሽ አይጠፋውም። ሰው ፊት ነው የጠራሁት።»

ብርሃኔ ወደ እሳቸው ዞረች።

«አባ ፎጊ፣ ዛሬ ይቅር ብዬዎታለሁ ብል ውሸት ነው፤ አልቻልኩም» አለች። «ልጄ ዳቦ ልታደርስ ስትወጣ ሰው ዞር እያለ ያያታል። ያ በእርስዎ ይቅርታ አይመለስም።» አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «የሚቀጥለው ጊዜ ግን እመጣለሁ። ከዚህ ሌላ የምናገርበት ቦታ የለኝም።»

አባ ፎጊ ቅጣታቸውን ጠየቁ፤ በባህላቸው ጥፋት ያለ ካሣ አይቀርም። በግ አምጥቼ ሽማግሌ ላስቀምጥ አሉ። አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ ዳግመኛ ይወጣል አለ አንዱ። መጨረሻ ላይ አንዲት ቡና ለቃሚ ሴት ተናገረች፤ ቅጣታቸው አለመቅረት ይሁን፣ ፊቷን እያዩ በየጊዜው ይምጡ አለች። ሁሉም ተስማማ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በጉ እንደሚቀል ያወቁ ይመስለኛል።

ስንለያይ ይህን ልጽፈው እችል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ብርሃኔ ልጄን ካልነካሽ ጻፊው አለች። አባ ፎጊ ግን «የኔን ጻፊ፣ የሷን ተዪ» አሉኝ። ለዚህ ነው እንዲህ የጻፍኩት።

እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ

እሑድ ወደ ጅማ ተመለስን። ሊሙ ገነትን ስንለቅ የላስቲክ ጫማውን ልመልስላት ስል የአልጋ ቤቷ ባለቤት አልቀበልም አለች፤ ባዶ እግሬን አልሰድሽም ብላ። ሰኞ ልነሣ ትኬቴን ልቆርጥ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ አያንቱን አሰብኩ። ነጃትን አያንቱ ቤት ውሰጂኝና ይቅርታ ልጠይቃት አልኳት። አይሆንም አለችኝ፤ ያጠፋሁት ቡድኑ ፊት ስለሆነ እዚያው እንደሚጠየቅ፣ ቤቷ ከሄድኩ ደግሞ ለኔ ሻይ ማፍላትና እኔን ማጽናናት በሷ ላይ እንደሚወድቅ ነገረችኝ። ልክ ነበረች። ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ ሄጄ ራሴ የተጽናናሁበት ብዙ ጊዜ ነው። እስከ ረቡዕ ለመቆየት ወሰንኩ።

ሁለቱ ቀን ረጅም ነበር። ሆዴን አመመኝ። ልብሴን አጥቤ አልደርቅ አለኝ፤ እኛ ጋ በሁለት ሰዓት የሚደርቅ ሹራብ እዚያ በሁለት ቀንም አይደርቅም። ወይዘሮ ዘይነባ ከሰል አቀጣጥለው በላዩ ዘረጉልኝና አንዱ እጅጌ ተለበለበ። እሳቸው ከኔ ይበልጥ አዘኑ። ጋቢዬን ቢያደርጉት ደስ እንደሚለኝ ነግሬያቸው፣ ለጸሎት ሲቀመጡ በሚያማቸው ጉልበታቸው ላይ እንዲጥሉት ትቼላቸው መጣሁ።

ረቡዕ

ዘጠኝ ሰዓት። ሰባት ሰው መጣ። አያንቱ አልመጣችም።

ነጃት አየችኝ፤ መናገር ከፈለጉ ይናገሩ ማለቷ ነው። የዚያን ቀን ተርጓሚዋ ሌላ ሴት ነበረች። ባለፈው ሳምንት የሰጠሁት ምክር ማንም ያልጠየቀኝ እንደነበር፣ ያንን ዝምታ የፈራሁት እኔ ብቻ እንደነበርኩ፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ተናገርኩ። አጭር ነበር። ሰው ፊት በመናገር ጸጉሬን አሸብቻለሁ፤ እንዲህ ግን ተናግሬ አላውቅም።

መጀመሪያ የመለሰልኝ ከማል ነው። «ያሉት ነገር መጥፎ አልነበረም። እኔም ለሚስቴ ተጠቅሜበታለሁ» አለ። «ያን ቀን ግን እኔም መተርጎሜን ማቆም ነበረብኝ። ሕጉን አውቃለሁ። እንግዳ ናቸው ብዬ ፈራሁ።» አንዲት ሴትም እንግዳ አክብራ ዝም ማለቷን ተናገረች። ጥፋቴን እንዲህ በየተራ ተካፈሉኝ። አሥራ አራት ሰው በነበረው ቡድኔ ውስጥ ማንም ሰው ከኔ ላይ ምንም ተቀብሎኝ አያውቅም፤ ምክንያቱም አንድም ቀን የሚቀበሉኝ ነገር አውርጄ አላውቅም።

ከዚያ በሕጋቸው መሠረት አያንቱን የሚጠይቁ ሁለት ሰዎች ተመረጡ፤ ከማልና ተርጓሚዋ ሴት። አብሬ ልሂድ አልኩ። ሁለቱም በአክብሮት እንቢ አሉኝ። ከዚያ ሌላው ሰው ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ ወደ መናገር ተሻገረ።

ሐሙስና ዓርብ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። አውቶቡሱ ሰኮሩን ያለ ችግር አለፈ፤ የዚያችን ምግብ ቤት በር በመስኮት አየሁት፣ ዝግ ነበር። አየር ጤና አደርኩ። ዓርብ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ስወርድ ንፋሱ ተቀበለኝ። ጋቢ የለኝም፤ በተቃጠለ ሹራብና በላስቲክ ጫማ ቤቴ ገባሁ።

የሆነውን ለመጨረስ፦ ቡድኑን አልዘጋሁትም። ሰሌዳውንና ጠረጴዛውን አስወጥቼ መምጣት ካቆሙት አሥራ አንድ ሰዎች ወደ ዘጠኙ ቤት ሄድኩ፤ ሁለቱ አገር ለቀዋል። ለምን እንደቀሩ ጠየቅኋቸው፣ መልስ አልሰጠሁም። አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር ወንበር ላይ አስቀመጡኝና «ልጄ፣ ትምህርትሽ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ለመማር አልነበረም የመጣሁት» አሉኝ። ከዘጠኙ ሦስቱ ተመልሰዋል። አሁን አባላቱ ስድስት ናቸው። ዝምታው ሲመጣ እጄን ብብቴ ውስጥ እከታለሁ። አሁንም አልለመድኩትም፤ ማታ ቤቴ ስገባ ሰውነቴ ሁሉ የተደበደበ ይመስለኛል።

ነጃት የደወለችልኝ ከተመለስኩ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ልብስ አጥፌ እያስቀመጥኩ ነበር።

«እትዬ ጥሩ፣ አያንቱ መጣች» አለችኝ።

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ተናገረች ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ተናገረች። እስከ መጨረሻው።»

ምን አለች ልላት ነበር። አፌ ውስጥ ነበር ጥያቄው። ነጃት በወዲያኛው ጫፍ ጠበቀች፤ እኔም ጠበቅሁ። ከዚያ የወይዘሮ ዘይነባ ጉልበት እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት።